አመለኛ ፈረስ፤ ጁባ ላይ የጋማ ከብት ለሚያሳድር ሰው የተጻፈ መመሪያ

ጁባ የፈረስ አገር አይደለችም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን አምስት ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ በነጭ ዓባይ ዳር የተቀመጠች የቆላ ከተማ በመሆኗ፣ የበጋው ሐሩር፣ የክረምቱ ርጥበትና ከርጥበቱ ጋር የሚፈላው ዝንብ ሁሉ ከደጋ ለመጣ ፈረስ የማይስማሙ ናቸው። ይህም ዛሬ የተገኘ ዕውቀት አይደለም። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ከጁባ አጠገብ በወንዙ ማዶ ካለችው ከጎንዶኮሮ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ 4 ፈረሶች፣ 4 ግመሎችና 21 አህዮች ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ኦቦ ወደሚባለው አገር ደርሶ ጥቂት እንደ ቆየ ፈረሶቹ በሙሉ አልቀው በበሬ ጀርባ ለመሄድ ተገደደ። ለበሬዎቹም የእንግሊዝ ገበታ ምግቦችን ስም፣ አንዱን የበሬ ሥጋ፣ አንዱን ጥብስ፣ አንዱን ሞራ ብሎ አወጣላቸው፤ የተራበ ሰው ቀልድ ነው።

ከዚያ በፊት በሎቱካ ምድር፣ ዛሬ የቶሪት ከተማ ባለችበት አካባቢ፣ ይኸው ሰው ዝሆን ሲያድን ፊልፊል የሚባለው ፈረሱ ዝሆኑ በመጣበት ጊዜ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ጌታውን ከአውሬው ፊት አሽቀንጥሮ ጥሎት ነበር፤ ደግነቱ ዝሆኑ የወደቀውን ሰው ትቶ የሸሸውን ፈረስ በማሳደዱ ሰውየው ተረፈ። በዚያ ቀን ፊልፊልን አመለኛ ብሎ የሚፈርድበት አይጠፋም። ይሁን እንጂ ፈረስ ሣር በል፣ ቀንድም ጥፍርም ያልተሰጠው፣ መዳኛው እግሩ ብቻ የሆነ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ከሚያስፈራው ነገር ፊት ጸንቶ እንዲቆም መጠየቅ ከባሕርዩ በላይ መጠየቅ ነው፤ አባቶቻችንም ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ያሉት ይህን ዐውቀው ነው። እኛ ልጆቻቸው ግን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሶቻቸው ስም የተጠሩባት አገር ሰዎች በመሆናችን ብቻ፣ ያለ ትምህርት ሁላችን ፈረስ ዐዋቂ የሆንን ይመስለናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ፈረስህ ሲናከስ፣ ሲራገጥ፣ ሲደነብር፣ ወይም አልሄድም ብሎ ሲገተር፣ መጀመሪያ ገላውን፣ ቀጥሎ ኑሮውንና ፍርሃቱን፣ ከዚያ በኋላ ሰው ያስተማረውን መርምር፤ ክፉ ነው የሚለውን ፍርድ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ካልሆነ አትስጥ። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ ይመታል፣ ከዚያ ይሸጣል፣ የጀርባውን ቍስል ግን አዲሱ ገዢ ያየዋል። በኦሪት ዘኍልቍ ታሪኳ የተጻፈው የበለዓም አህያ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ፈቀቅ ስትል ሦስት ጊዜ የተደበደበችው፣ ባለ ራእይ የተባለው ጌታዋ ያላየውን መልአክ እርሷ በማየቷ ነበር፤ ቅዱሱ መጽሐፍ ይህን ሲጽፍ ዐላማው የከብት አያያዝን ማስተማር ባይሆንም፣ በእኔ አስተያየት ለባለ ከብት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

ከአጥር ውጭ ቆሞ መመልከት

የመጀመሪያው ሥራ አለመንካት ነው። ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ሂድና፣ ፈረሱ ሳይታሰር በበረቱ እንዳለ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመህ ቡና እስኪፈላ ያህል ተመልከተው። በቀትር ያየኸው ፈረስ የሙቀቱን ጠባይ እንጂ የራሱን አያሳይህም።

ከራሱ ጀምር። ጆሮው ወደ ኋላ መዞሩ ብቻ ቁጣ አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ነገር ሲያዳምጥም ወደ ኋላ ያዞረዋል። ቁጣ የሚባለው ጆሮው እስከ ማጅራቱ ድረስ ተጣብቆ ሲተኛ፣ አፍንጫው ሲሸበሸብ፣ ከንፈሩ ሲጠብቅና አንገቱን እንደ እባብ አስረዝሞ ወደ አንተ ሲሰድ ነው። ፍርሃት ግን ሌላ መልክ አለው፤ ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ አፍንጫውን ይነፋል፣ የዐይኑ ነጭ ይታያል፣ ገላውም ለሽሽት ይዘጋጃል። ሕመም ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ዐይኑ ግማሽ ተከድኖ ይፈዛል፣ ከዐይኑ በላይ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ መንጋጋው ይጠነክራል፣ ሣር ቢቀርብለትም አይቸኵልም። ይህን ሦስተኛውን መልክ ሰው ሁሉ ስንፍና ይለዋል።

ከዚያ ወደ እግሩ ውረድ። ፈረስ አንዱን የኋላ እግር አሳርፎ መቆሙ ልማዱ ነው፤ የፊት እግሩን እየመላለሰ ወደ ፊት ቢያስቀድም ግን ሰኮናው ታምሞ ሊሆን ይችላል። ሊራገጥ ያሰበ ፈረስ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ዳሌውን ወደ አንተ ያዞራል፣ ጭራውን ወደ ታች አጥብቆ ይይዛል፣ አንድ እግሩን ከመሬት ያነሣል። ጁባ ላይ ግን ከዚህ የሚለይ ነገር አለ፤ በዝናቡ ወራት ዝንቡ ሲበረታ ፈረስም አህያም መሬቱን ይደበድባሉ፣ ጭራቸውንም ያለ ዕረፍት ያወናጭፋሉ፤ ይህን አይቶ ተቆጣ ብሎ አለንጋ የሚያነሣ ጠባቂ፣ ፈረሱ ሰውን ከዝንብ ጋር እንዲቈጥር ያስተምረዋል።

ሳትነካው ትንፋሹንም ቍጠር። ዐርፎ የቆመ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ኋላ ስትነካው ደግሞ ልቡ በመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ሲዳሰስ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ የገላው ሙቀት በሴንቲግሬድ ከ37.5 እስከ 38.5 ነው። በጁባ ሙቀት ትንፋሹ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላልና ያንተን ፈረስ ልክ በደኅናው ጊዜ አስቀድመህ ዕወቅ።

ያየኸውንም ጻፈው። አመሉን ባወጣ ቍጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አጠገቡ ማን እንደ ነበረና ከዚያ በፊት ምን እንደ ሆነ በትንሽ ደብተር ብትመዘግብ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገርሃል። ኮርቻ ሲጫንበት ብቻ የሚናከስ ፈረስ የጀርባ ጕዳይ አለው፤ በስተግራ ስትቀርበው ብቻ የሚደነብር የዐይን፤ አንድ ጠባቂ ሲመጣ ብቻ የሚራገጥ ደግሞ ከዚያ ጠባቂ ጋር ያልተፈታ ነገር አለው።

ገላውን መመርመር

ከምርመራው ሁሉ በፊት የሚቀድም ጥንቃቄ አለ። ትናንት ገራም የነበረ ፈረስ ወይም አህያ ዛሬ በድንገት ሰው ለመንከስ ቢሮጥ፣ የገዛ ገላውን ቢነክስ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው ወይም የኋላ እግሩ ቢንገዳገድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ጕሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር እንዳለ ልይ ብለህ እጅህን ወደ አፉ አትስደድ። በበረቱ ዘግተህ፣ ሰውንና ውሻን አርቀህ፣ የከብት ሐኪም ጥራ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቍስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ይህ ጥርጣሬ ከሌለ ጀርባውን መርምር። ኮርቻውንና ግላሱን ከጕዞ በኋላ ስታወርድ ላቡን ተመልከት፤ ጀርባው በሙሉ ረጥቦ በመካከሉ መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ብታገኝ፣ ኮርቻው እዚያ ላይ አጥብቆ ተጭኖ ላብ እንዳይወጣ ከልክሎታል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ነጭ ጠጕር ቢበቅል ደግሞ የድሮ ቍስል ጠባሳ ነው፤ ፈረሱ ስለ ቀድሞው ጌታው የሰጠው ምስክርነት ነው ልትል ትችላለህ። ከዚያ በሁለት ጣትህ ከጫንቃው ጀምረህ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ቀስ እያልክ እስከ ሽንጡ ድረስ ተጫን፤ የሚያመው ቦታ ላይ ስትደርስ ጀርባውን ያሰምጣል፣ ጆሮውን ያስተኛል፣ ወይም ዞሮ ያይሃል። በዚያች ቅጽበት ብታቆም ሰው ቋንቋዬን ይሰማል ብሎ ማመን ይጀምራል፤ ጨክነህ ብትቀጥል ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቁን ትቶ ወዲያው ይነክሳል። በየከተማችን ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ ያየ ሰው የጫንቃና የደረት ቍስል ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፤ የሆዱ ጠፍር ከክርኑ ኋላ የሚልጠውን ቦታ ግን ጐንበስ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው።

ወደ አፉ ሂድ። የፈረስ መንጋጋ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እየወጣ እየተፈጨ የሚሄድ በመሆኑ፣ የላይኛው በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል ስለት እያወጣ ጕንጩንና ምላሱን ይቈርጠዋል። ሣሩን አኝኮ ጠቅልሎ ከአፉ ቢጥል፣ ሲያኝክ ራሱን ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል፣ ወይም በፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ማሽላ ብታይ ጥርሱን ሐኪም ይሞርድለት። የልጓሙንም ብረት በጣትህ ዳስሰው፤ ዝገቱና ስንጥሩ ጣትህን ከቈረጠ ምላሱን ይቈርጣል። የአገራችን ባለ ቀለበት ልጓም በጦር ሜዳ ፈረስን በአንድ እጅ ለማዞር የተሠራ ብርቱ መሣሪያ ነውና፣ እጁ ያልበሰለ ጋላቢ ሲይዘው ራሱን የሚወረውርና በኋላ እግሩ የሚቆም ፈረስ ያፈራል።

ጆሮው ሲነካ የሚያብድ ፈረስ ብዙ ጊዜ መዥገር ይዞ ነው የሚገኘው፤ በቀን ብርሃን የጆሮውን ውስጥ ተመልከት። ዐይኑን ስትመረምር ጣትህን ከጐኑ ቀስ ብለህ አንቀሳቅስ፤ ባንዱ ወገን ዐይኑን ካላርገበገበ በዚያ በኩል ዕውር ሊሆን ይችላል፣ ዕውር ፈረስም ሳይነገረው ሲነካ ቢራገጥ አይፈረድበትም። ሰኮናውን አንሥተህ ጭቃውን አውጣ፤ ጁባ ላይ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የዝናብ ወራት መሬቱ ጭቃ ሆኖ ስለሚከርም የሰኮና መበስበስና በውስጡ መግል መቋጠር ይበዛል፤ ከአራቱ አንዱ ሰኮና ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል መግሉ በዚያ ነው። ሆዱን ዞሮ ዞሮ የሚያይ፣ በኋላ እግሩ የሚመታና ተኝቶ የሚንከባለል ፈረስ ሆድ ቍርጠት ይዞታል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ሕመም ስለ ሆነ ምግቡን አንሥተህ ሐኪም ጥራ።

ሁለት የቆላ በሽታዎችንም ለይተህ ዕወቅ። አንደኛው ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ ነው፤ ፈረሱ እየበላ ይከሳል፣ ትኵሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ እግሩና ከሆዱ በታች ያለው ሥጋ ያብጣል፣ አልሄድም ባይነቱም ከድካም የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የአፍሪቃ ፈረስ በሽታ ሲሆን፣ ከምሽት እስከ ንጋት በምትነክስ፣ ከወባ ትንኝ በምታንስ ደቃቅ በራሪ ይተላለፋል፤ ከዐይኑ በላይ ያለው ጐድጓዳ ቦታ ያብጣል፣ ከአፍንጫው ዐረፋ ይወጣል፣ ከተያዙት ፈረሶችም ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ አህያ ግን ይቋቋመዋል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረስህን ወደ በረት አስገባ፣ በረቱንም አጢስ። ከጁባ በስተሰሜን በተረከካ አካባቢ የሚኖሩት ሙንዳሪዎች በከብት ሰፈራቸው ማታ ማታ የደረቀ እበት እያጨሱ ከብታቸውን በጢሱ መካከል ያሳድራሉ፤ ይህን ከእነርሱ መማር ነውር የለበትም፤ ጢሱ እንዳያፍነው ብቻ በረቱ ነፋስ የሚያገኝ ይሁን።

መኖ፣ ውሃና ባልንጀራ

ፈረስ በተፈጥሮው በቀን እስከ 16 ሰዓት ድረስ ጥቂት ጥቂት እያለ ሲግጥ የሚውል፣ ጨጓራውም ለገላው ትንሽ የሆነ እንስሳ ነው። ጁባ ላይ የሚያድር ፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ግጦሽ የለውም፤ ጧት አንድ ቍና ማሽላ ይፈስለታል፣ እስከ ማታ ባዶ አፉን አጥር ሲያኝክ ይውላል። ከዚህ የተነሣ ጨጓራው ይቈስላል፣ ከእህሉ የሚያገኘው ኀይልም ሥራ ስለሚያጣ በመደንበርና በመፈናጠር ይወጣል፤ መኖውን ይዞ የሚገባውን ሰው የሚናከሰውም በረኃብ ነው እንጂ በክፋት አይደለም። እህሉን ቀንስና ሣሩን አብዛ፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ ሣር ያስፈልገዋል፣ እርሱንም በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ከፋፍለህ ስጠው። ጨውም አትንፈገው፤ ላብ ከገላው የሚያወጣው ጨው ብዙ ነው።

የውሃው ነገር እዚህ ከተማ ልዩ ችግር ነው። ብዙው ቤት ውሃውን ከቦቴ መኪና እየገዛ በበርሜል የሚያጠራቅም በመሆኑ፣ ባለቤቱ ለከብቱ ሲቀዳ እጁ ያጥራል። ነገር ግን ፈረስ ሥራ ፈትቶ እንኳ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ይጠጣል፤ በየካቲትና በመጋቢት ሐሩር ሲሠራ የዚህን እጥፍ ይፈልጋል። ይህን የውሃ ዋጋ መክፈል የማይችል ሰው ፈረስ ባይገዛ ይሻለዋል። ሥራውንም ከንጋት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ የሚገተር ፈረስ ሐኬተኛ አይደለም።

ብቸኝነትም ያሳብዳል። ፈረስ በመንጋ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ባልንጀራ ሳያይ የሚውል እንደ ሆነ ወይ እየተወዛወዘ አጥር ያኝካል፣ ወይም ከበረቱ አልወጣም ይላል። ሌላ ፈረስ ባይገኝ አህያ፣ አህያም ባይገኝ ፍየል አጠገቡ አሳድርለት።

ድንጕላና ባዝራ

ድንጕላ ፈረስ ባዝራ ስትሸተው ቢጮህ፣ ቢናከስ፣ ሰውንም ገፍቶ ቢሄድ ተፈጥሮው ነው። ለዘር ካልፈለግኸው በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ፣ የቴታነስ መከላከያ ተሰጥቶት ይኰላሽ፤ ሆኖም ጠባዩ በማግሥቱ አይለወጥም፣ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል፣ ዕድሜው ሲገፋ ከተኰላሸም የለመደው ልማድ ላይለቀው ይችላል። ባዝራም በየ21 ቀኑ ገደማ ወንድ ስትፈልግ ለጥቂት ቀናት ትቈጣለች፤ ጐኗን ስትነካት ትጮኻለች፣ ለመጫንም ታስቸግራለች። ደብተርህ ላይ ይህ ዙር በግልጥ ስለሚታይ በእነዚያ ቀናት ከባድ ሥራ አትዘዛት። ግልገል ይዛ የምትዋጋውን ባዝራ ደግሞ ማንም ሰው አመለኛ ሊላት አይገባም።

ፍርሃትን መቀነስ

ከጸጥተኛ ገጠር ወደ ጁባ የመጣ ፈረስ ምን እንደሚሰማ ለአንድ ቀን በእርሱ ጆሮ አድምጥ፤ የጄኔሬተሩ ጕርምርምታ፣ ከኋላ መጥቶ በጐን የሚያልፈው ቦዳቦዳ የሚሉት ሞተር፣ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነፋስ የሚያንኳኳው ሸራና ላስቲክ፣ አንዳንድ ሌሊትም የጥይት ድምፅ። ፈረስ ዐይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ ራሱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጐደል ያያል፤ ከግንባሩ ፊት በቅርቡ ያለውንና ከጭራው ኋላ ያለውን ብቻ አያይም። ስለዚህ በድንገት ከኋላ የሚመጣ ሞተር ለእርሱ ከዱር እንደሚዘል አንበሳ ነው።

ፍርሃት በመቅጣት አይወጣም፤ ቅጣቱ ከሚፈራው ነገር ጋር ተጨምሮ ሁለት ፍርሃት ይሆንበታል። መንገዱ ይህ ነው። የሚፈራውን ነገር፣ ሞተር ነው እንበል፣ ጠፍቶ እንደ ቆመ ከሩቅ አሳየው፤ ርቀቱም ፈረሱ እያየው ሣሩን መጋጥ የሚችልበት ይሁን። ራሱን ከፍ አድርጎ መጋጡን ካቆመ በጣም ቀርበሃል፤ ጥቂት ወደ ኋላ ተመለስ። ራሱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ሲያኝክ፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ይዘኸው ዞር በልና አሳርፈው። በማግሥቱ ጥቂት እርምጃ ቅረብ። ቆሞ ያለውን ሞተር ሲንቅ፣ በሰው እየተገፋ ይለፍ፤ እርሱንም ሲንቅ፣ ተነሥቶ በሩቅ ይቁም። ከፈረሱ ጋር የለመደ ረጋ ያለ ፈረስ ወይም አህያ አጠገቡ ቢኖር ግማሹን ሥራ ያ እንስሳ ይሠራልሃል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ያየ ሰው፣ በሺህ የሚቈጠር ፈረስ በእልልታና በጥሩምባ መካከል እንዴት እንደሚጋልብ ያውቃል፤ እነዚያ ፈረሶች ከሌላው የተለየ ልብ የላቸውም፣ ከግልገልነታቸው ጀምሮ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ግርግሩን ለምደው ነው።

ሰው ያስተማረው አመል

ከብቱ ጤነኛ ሆኖ፣ ጠግቦ፣ የሚያስፈራው ነገርም ሳይኖር አመሉ ከቀጠለ፣ አንድ ሰው አስተምሮታል ማለት ነው። ፈረስ ሊነክስ አፉን ሲሰድ ጠባቂው ደንግጦ ኮርቻውን ይዞ ከሸሸ፣ ፈረሱ በዚያች ቅጽበት ታላቅ ትምህርት ተምሯል፤ መንከስ ሥራን ያስቀራል። ስኳርና ዳቦ በእጅ እየሰጠህ ያለመድኸውም ባዶ እጅህን ባየ ጊዜ ጣትህን ይፈልጋል። እናቱ ሞታበት በጡጦ ያደገ ግልገል ከሁሉ ይብሳል፤ የፈረስን ሥርዓት ከፈረስ ስላልተማረ ሰውን እንደ እኩያው ቈጥሮ ይዘልበታል፣ በልጅነቱ የሳቁበት ጨዋታም 300 ኪሎ ሲሆን አጥንት ይሰብራል።

ይህን ዐይነቱን አመል የምትነቅለው በጕልበት ሳይሆን በጊዜ አጠባበቅ ነው። ፈረስ ከድርጊቱ ጋር የሚያያይዘው ወዲያው የሆነውን ነገር ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕረፍትም ሆነ ተግሣጽ ከድርጊቱ ጋር በአንድ ትንፋሽ ካልደረሰ ምክንያቱን አያውቀውም። እግሩን ማስነሣት እንቢ ያለውን ፈረስ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በጐኑ ከትከሻው አንጻር ቁም፤ ፊቱ ወይም ኋላው አትቁም። ገመዱን በእጅህ ያዘው እንጂ በእጅህ ላይ አትጠምጥመው፤ ጣቱንና ሕይወቱን በዚህ ያጣ ሰው ብዙ ነው። ድምፅህን እያሰማህ እጅህን በትከሻው ላይ አኑር፣ ከዚያ ሳታነሣው ወደ ታች አውርድ፤ ጡንቻው ሲጠነክር እዚያው ቁም፣ ሲላላ እጅህን አንሣ። ዛሬ ጕልበቱ ድረስ ከደረስህ ይበቃል። እግሩን ለአንድ አፍታ ሲያነሣልህ አንተ ቀድመህ መልስለት፤ እርሱ ነጥቆህ ካወረደው ግን ትምህርቱን የሰጠው እርሱ ነው። ለኋላ እግሩ ደግሞ እጅህን ከመስጠትህ በፊት በረጅም ለስላሳ በትር እየዳሰስህ አልምደው፤ ቢራገጥ በትሩን ይምታ።

ለሚናከሰው፣ መኖውን በእጅህ ሳይሆን በገንዳው ስጠው፤ አንገቱን ሲያስረዝም ክርንህን ጕንጩ እንዲያገኘው አድርገህ ቁም፣ ራሱ ገጭቶ ራሱ ይመለስ፤ ፊቱን ግን አትምታው፣ ፊቱን የተመታ ፈረስ ነክሶ መሸሽን ይለምዳል። በኋላ እግሩ የሚቆመውን እንደ ቆመ ዛቡን አትጎትት፤ ወደ ኋላ ይገለበጥብሃል። ወደ ፊት አጐንብሰህ ጋማውን ያዝና ሲወርድ ወደ ጐን አዙረህ አስኪደው። የግሪኩ ጸሐፊ ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቁጣ ከመቅረብ አስጠንቅቋል፤ ከሃያ ሦስት መቶ ዓመታት በኋላም የምንጨምርበት ብዙ የለም። የዛሬው ልምምድ ያስቈጣህ እንደ ሆነ ገመዱን ፈትተህ ወደ ቤትህ ግባ።

ጆሮውን መጠምዘዝ፣ ውሃ መከልከል፣ እግሩን ጠፍሮ መሬት ላይ መጣል፣ ሌሊቱን ራሱን ወደ ላይ አስሮ ማሳደር፣ እነዚህ ሁሉ ጀግንነት እየተባሉ የሚነገሩ ቢሆኑም ፈረሱን ለጊዜው ያፈዙታል እንጂ አያሠለጥኑትም። የፈዘዘ ፈረስ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የማይሰጥ ነውና ከሚያስጠነቅቀው ይልቅ እርሱን ፍራ።

ይህን ሁሉ አድርገህም፣ ጆሮውን አስተኝቶ አፉን ከፍቶ ሰው ላይ የሚሮጥ፣ የወደቀን ሰው በጕልበቱ የሚጨፈልቅ ፈረስ በእጅህ ቢቀር፣ እርሱን መግራት የአንተ ሥራ አይደለም። ሕፃናት ወደማይደርሱበት በረት አግባው፣ ብቻህን አትግባበት፣ የከብት ሐኪምና በሥራው ያረጀ ፈረስ ገሪ አስመርምር። ሐኪሙ ተስፋ ከቈረጠ ፈረሱ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ኀጢአት አይደለም። ልትሸጠው ብትወስን ግን ገመዱን ከማስረከብህ በፊት የሚያደርገውን ሁሉ፣ ማንን እንደ ነከሰና መቼ እንደሆነ ጭምር፣ በምስክር ፊት ለገዢው ንገረው፣ ደብተሩንም ስጠው፤ ዋጋው በግማሽ ቢቀንስ ቀነሰ።